አምስተኛው ፊርማ

«ወንዙማ ሄደ ድንጋዩን ጥሎት፣
እምም… እምም… አብሮት የሚቀር መስሎት።»

መሃሉ ጠፍቷታል። ዘፈኑ የእናቷ ነው፤ እናቷ ደግሞ ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም። ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል መጥቶ እሷ ዘንድ ሲደርስ ወገቡ ተበጥሷል። ስለዚህ ቃሉ በጠፋበት ቦታ እምም ትላለች፤ ያ እምምታ ታዲያ ከቃሉ ይልቅ ሆድ ያባባል። የታጠቡትን ትናንሽ መስታወቶች፣ መንጠቆዎችና መቆንጠጫዎች እየጠረገች፣ በወረቀት ከረጢት እያሸገች፣ በእንፋሎት ማምከኛው ሆድ ውስጥ እየደረደረች ታዜማለች። ማሽኑም እያፏጨ ያጅባታል።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ በር ሲያልፉ ጎንበስ የሚያሰኝ ዓይነት ነው። ይሁንና በጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ ሚጡ የማይላት የለም። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። እሷን ደግሞ ሚጡ እታለም ትላታለች፤ ሚጡ ስላለች ክሊኒኩ በሙሉ እታለም ይላታል።

እናታቸው ስትሞት ሚጡ ዘጠኝ፣ እታለም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም እናትም አባትም ሆነች። ጸጉር የጎነጎነችው እሷ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ዝናብ እየመታት የጠበቀችው እሷ፣ ትኩሳት ሲነሳ ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ የለወጠችው እሷ። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ሰውየው «ከእህትሽና ከእኔ ምረጪ» ቢላት «በሩ ያውልህ» አለችው አሉ። ሚጡ ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር የማትከፍለው ዕዳ የተጻፈባት ይመስላታል።

እታለም በዚያ ክሊኒክ ነቀላ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ረዳት ሆና ሠርታለች። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገው ዕቃ ቀድሞ እጁ ላይ ነው። ምን እንደሚፈልግ እሱ ሳያውቅ እሷ ታውቃለች እየተባለ ይወራላታል። ሚጡንም ለሥራ ያስገባቻት እሷ ናት፤ ግን በኋላ በር፣ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል። እዚያ ስድስት ዓመት አለፈ። ሚጡ የምታጥበውን ዕቃ ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ትለየዋለች፤ የተሠራበትን ሰው ግን አንድም ቀን አላየችውም። ደሙ ይመጣላታል፣ ፊቱ አይመጣም። ሰው ሲፈራ እጁን ይዞ «አይዞህ፣ አለሁ» ማለት አማራት። እንዲህ ያለ አምሮት ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ይዘፈናል እንጂ።

ባለፈው ዓመት ክሊኒኩ የረዳቶች ሥልጠና ሲከፍት ወረቀቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ገንጥላ ያመጣችላት እታለም ነበረች።

«ተመዝገቢ።»

«እታለም ሙች! በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዕድሜሽን ማን ጠየቀሽ? አፉን የከፈተ በሽተኛ ጓንትሽን ነው የሚያየው፤ የልደት ወረቀትሽን አይደለም።»

ደንቡ ቀላል ነው። አምስት ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ወር ይሠራል፤ በየክፍሉ መጨረሻ ሐኪሙ አንድ ፊርማ ያኖራል። አምስት ፊርማ የሞላለት ረዳት ይባላል። አራት ያለው ምንም አይባልም፤ ወደመጣበት ይመለሳል። ለሚጡ ያ ማለት ማጠቢያው ክፍል፣ ደሙ፣ እንፋሎቱ፣ ፊት የሌለው ሰው ማለት ነው።

አብሯት የጀመረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ድሮ ጫማ ሻጭ የነበረ ጎልማሳ። ሲስቅ ድዱ ሁሉ ስለሚታይ ሳቂታው ይሉታል።

«እኔኮ ዕድገት ነው ያገኘሁት» አላት የመጀመሪያው ቀን። «ሃያ ዓመት እግር ሥር ቆየሁ፤ አሁን አፍ ላይ ደረስኩ።»

መጀመሪያ የሕፃናት ክፍል ገቡ። ሐኪሟ አጭርና ፈጣን ሴት ናት፤ ከልጆቹ ጋር ስታወራ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ወደ ረዳቶቹ ዞር ስትል ይወፍራል። ሕጓ አንድ ነው፦ መርፌ በልጁ ዓይን ፊት አያልፍም። ከአገጭ ሥር፣ በደረት በኩል፣ እንደ ሚስጥር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የሚጡ ቁመት እዚህ ጠቀማት፤ ጎንበስ ስትል መብራቱንም መርፌውንም ትከልላለች። አንድ ቀን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ጣቷን ጥርስ እስኪገባ ነከሰቻት። ሚጡ እንዳትጮህ ከንፈሯን ነክሳ ቀረች። ሐኪሟ ቀና ሳትል፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት በወፍራሙ ድምፅ፣ «አሁን ገና ረዳት መሆን ጀመርሽ።» የመጀመሪያው ፊርማ የተፈረመው ያን ሳምንት ነው።

ሁለተኛው የጥርስ ሥር ክፍል ነበር። እዚያ የሚናገር የለም። ሐኪሙ እንደ ፀሎት ቤት ሰው ነው፤ እጁ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጥርሱ ከላይ ይበሳና የታመመው ነርቭ እንደ ክር በቀጫጭን ሞረዶች ተጠርጎ ይወጣል። ሞረዶቹ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ በቀለም ይለያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ይበላሻል። ሳቂታው ቀለሙን በመዳፉ ላይ ጽፎ ገብቶ በላብ ጠፋበት። ሚጡ ግን ዜማ አወጣችለት።

«ነጩ ይቀድማል፣ ቢጫ ይከተላል፣
ቀዩ ሲመጣ ሰማያዊ ያያል፣
አረንጓዴው ቆሞ ጥቁሩን ይጠብቃል።»

በልቧ ነበር የምታዜመው፤ አንድ ቀን ግን አመለጣት። ሐኪሙ ሞረዱን እንደያዘ ዞሮ አያት። «ቀጥዪ» አለ። በሁለት ወር ውስጥ የሰማችው ረጅሙ ንግግሩ ይኼ ነው። ፈረመላት።

ከዚያ ጥርስ ማስተካከያ ክፍል፣ የሽቦና የጎማ ቀለበት አገር። ቀለበቶቹ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቆች ናቸው፤ በመቆንጠጫ ጫፍ አንድ በአንድ ሽቦው ላይ ይጠለቃሉ። ታካሚዎቹ አብዛኞቹ ኮረዳዎች ናቸው፤ የቀለበቱን ቀለም ለመምረጥ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። ከሁሉም አንዲቱ ከሚጡ ልብ ገባች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ስታወራ አፏን በመዳፏ የምትከልል። ሐምራዊ መረጠች፤ ያን ቀን እጇን ከአፏ አውርዳ መስታወቱን አየችና «እኔ ነኝ?» አለች። ከዚያ በኋላ ሚጡ ሐምራዊ ብላ ጠራቻት። እዚያው ክፍል እያሉ ሐኪሙ በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ከፊት ሲቆጠር አምስተኛው ጥርሷ ላይ ሥሩ ከውስጥ እየተበላ መሆኑን አየ። ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ቤት። ሌላ ጊዜ መነቀል ይኖርበታል ተባለ። ሐምራዊ የሚጡን እጅ ይዛ «ስነቀል አንቺ ትኖሪያለሽ?» አለቻት። «እኖራለሁ» አለች ሚጡ።

አራተኛውን፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍልን፣ ምን ብዬ ላሳጥረው። ጄሶ ማቡካት ነው፤ የአፍ ልክ የሚወሰድበትን ሊጥ ውሃው ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ መበጥበጥ ነው፤ ትንሽ ከሞቀ እጅሽ ላይ ይደርቃል። ሰባት ዓመት በድድ ብቻ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አዲሱን ጥርስ ሲያጠልቁ መጀመሪያ ያደረጉት መሳቅ አልነበረም፤ ሚስታቸውን በስሟ ጠሩ። ጥርስ ሳይኖር ያ ስም አልወጣላቸውም ነበር። ሚጡ ዞር ብላ ጄሶ ባለበት እጇ ዓይኗን ጠረገች፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ዋለ። አራተኛው ፊርማ።

አምስተኛው የእታለም ክፍል ነው።

እታለም ያን ሰኞ ማለዳ በሩን በሰፊው ከፍታ፣ «እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ» አለቻት። ሚጡ ለዚህች ቃል ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀች መሰላት። እህቷም በእርግጥ አስተማሪ ናት፤ የምታውቀውን አትሰስትም። የመንቀያ ዓይነቶችን፣ መምጠጫውን ጉሮሮ ሳይነካ መያዝን፣ የበሽተኛውን ጉልበት አይቶ ፍርሃቱን መለካትን አስተማረቻት። ከሁሉ በላይ ግን ፊልም መሰካትን።

ላይኛው ፎቅ በኮምፒውተር የሚያነሳ አዲስ ማሽን አለ፤ ነቀላ ክፍል ግን ገና በጥንቱ፣ ቴምብር በሚያክል ፊልም ነው የሚሠራው። ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ በካርቶን ክፈፍ ላይ ተሰክቶ መብራት ሰሌዳው ላይ ይንጠለጠላል። ከፊትም ከኋላም ሲያዩት ያው ነው። ዞሮ ከተሰካ ታዲያ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሚያስታውቀው በጠርዙ ላይ ያለች፣ በጣት ካልሆነ በዓይን የማትያዝ አንዲት ጉብታ ናት።

«ጉብታዋ ወደ አንቺ ካበጠች ሰውየው ፊት ለፊትሽ ቆሟል» ትላት ነበር እታለም የሚጡን ጣት ይዛ እያስዳሰሰች። «ወደ ውስጥ ከሰረጎደች ሰውየው ዞሮብሻል። ዓይንሽን አትመኚ፤ ዳሺው።»

ፊልሙን የሰካ ሰው በክፈፉ ጥግ ላይ የራሱን ቀለም ፕላስተር ይለጥፋል። የእታለም ሰማያዊ ነው፤ የሳቂታው አረንጓዴ፤ የሚጡ ቢጫ። ስህተት ቢገኝ ጠያቂው ማንን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ነው።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሐምራዊ ተራዋ ደረሰ።

ሚጡ ልጅቷን ለማምጣት ወደ መጠበቂያው አዳራሽ ወረደች። እናቷ ከጎኗ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጨምቃ ይዛለች። ሚጡ ሁለቱንም አጽናንታ፣ አሥቃ፣ ልጅቷን ይዛ ስትመለስ ፊልሙ ተሰክቶ መብራቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ነቃዩ ሐኪም ከፊቱ ቆሞ ከማስተካከያ ክፍል የተላከውን ደብዳቤ ከፊልሙ ጋር ያስተያያል። ደብዳቤው ቀኝ ይላል፤ በፊልሙ ላይ የተበላው ሥር ግራ ነው።

«እነዚህ ሰዎች ዛሬም ቀኝና ግራቸው ተምታታ» አለ እየሳቀ። እውነትም በጥርስ ቤት የተለመደ ስህተት ነው፤ ከሰው ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሰውየውን ቀኝ በራሱ ግራ በኩል ስለሚያየው ይሳሳታል። «ደብዳቤ ይሳሳታል፤ ፊልም አይዋሽም። ግራውን አደንዝዙልኝ።»

ሚጡ ወደ መምጠጫው የዘረጋችውን እጇን መለሰች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ… ቀኙ ይመስለኛል። እኔ እዚያ ክፍል እያለሁ…»

«ሚጡ!» አለች እታለም። «መምጠጫውን ያዢ።»

ልጅቷም ከወንበሩ ላይ፣ አፏ ውስጥ ጥጥ እንዳለ፣ «ግራ ነው እንዴ?» አለች።

«ዶክተሩ ያውቃል የኔ ቆንጆ» አለቻት እታለም ግንባሯን እየዳሰሰች።

መብራት ሰሌዳው ከሚጡ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ጣቷን ጠርዙ ላይ ብታሳርፍ ያበቃ ነበር። ግን እህቷ ናት የተናገረችው፤ አሥራ አራት ዓመት የሠራች፣ ዳሺ ብላ ያስተማረች። መምጠጫውን ያዘች።

ጥርሱ በቀላሉ ወጣ። ሐኪሙ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው። ሥሩ ነጭ ነበር፤ ሙሉ፣ ለስላሳ፣ አንዳች ያልነካው። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ የፊልሙን ጠርዝ ዳሰሰ። «ዞሯል» አለ ቀስ ብሎ።

«ሚጡ፣ ልጅቷን ወደ ማረፊያው ውሰጃት» አለች እታለም።

ወሰደቻት። ክፈፉን ማን እንደሰካው ዞር ብላ አላየችም፤ ማየት ለምን ያስፈልጋታል? እሷ አልሰካችው። ቢጫ ፕላስተሯንም ከነጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ያን ምሽት እታለም ራሴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሚጡ የአንገቷን ጀርባ እያየች አዘነችላት። «ምስኪን እህቴ፣ ደንግጣ ነው» አለች በልቧ። አይ ልብ! ሲወድ እንዴት ያለ ሞኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በኮሪደሩ ስታልፍ የሐምራዊ እናት መንገዷን ዘጋችባት።

«አንቺ ነሽ አሉ።»

«ምኑ እናቴ?»

«ፎቶውን ገልብጠሽ የሰቀልሽው። ተማሪ ናት አሉኝ። አልረግምሽም፤ እኔም ልጅ አሳድጋለሁ። ግን እጅሽን ይዛ ነበር እኮ የገባችው! ምን በደለችሽ?»

ከሴትየዋ ኋላ፣ ወንበር ላይ፣ ልጅቷ ተቀምጣለች። ዛሬ ደግሞ ቀኙ፣ የታመመው፣ ሊነቀል ነው። መዳፏ አፏ ላይ ተመልሷል። ሚጡን አየቻትና ፊቷን አዞረች።

ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ እታለምን አገኘቻት፤ ጋዋኗን እየቆለፈች ነበር።

«እታለም፣ እኔ ነኝ የሰካሁት እያሉ ነው።»

እታለም ከቁልፉ ዓይኗን አላነሳችም። «ክፈፉ ላይ ቢጫ ነው ያለው አሉ።»

«እንዴት ሆኖ? እኔ ሳልመጣ ተሰቅሎ ነበር እኮ!»

«ጠዋት የሰካሽው ሌላ ፊልም አልነበረም? ምናልባት ሳታውቂው ይሆናል የኔ እናት። ሰሞኑን ደክሞሽ ነበር፤ ሰው ሲደክመው ያደረገውን አያስታውስም።» ወደ እሷ ቀረብ ብላ የጋዋኗን ኮሌታ አስተካከለችላት፤ ልክ ትምህርት ቤት ስትሸኛት ታደርገው እንደነበረው። «አትጨነቂ። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ያልፉሻል።»

ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ሚጡ ራሷን ስትመረምር ዋለች። ሰክቼው ይሆን? እጄ ሲሠራ ልቤ የት ነበር? የትናንቱን ጠዋት ከመጀመሪያው ደጋግማ አስታወሰች፤ በየዞሩ ትዝታዋ እየሳሳ፣ እያረጀ ሄደ። ቁርስ አልቀመሰችም። ሳቂታው ብስኩት ሲሰጣት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ሚጡዬ» አላት ለአንድ ጊዜ ሳይስቅ፣ «የአለቃ ጥርስ ውስጥ ከገባሽ ወዲህ ሥራችንን ጠላሁት።»

እኩለ ቀን ላይ ቢሮ ተጠራች። የሥልጠና ኃላፊው ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ሰው ናቸው። ነቃዩ ሐኪም በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። እታለም ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የሐምራዊ ፋይል፣ የካርቶን ክፈፉ፣ አንድ የተተየበ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ።

«ልጄ» አሉ ኃላፊው፣ «ነገሩን ልናካብደው አንፈልግም። ፊልሙን በስህተት ሰክቻለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ለልጅቷ ቤተሰብም ይኸው ይነገራል። አንቺም ሁለት ወር እዚያው ክፍል፣ በእህትሽ ሥር ትደግሚና አምስተኛውን ፊርማ ታገኛለሽ። ካልፈረምሽ ግን ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ያኔ ሥልጠናው ይቅርና ማጠቢያ ክፍሉም ለአንቺ መትረፉን እኔ አላውቅም።»

ሁለት ወር። ብዙም አይደል። ሚጡ እስክሪብቶውን አነሳች። እውነት ነው፣ ልትፈርም ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጄ ሳይሆን አይቀርም ብላ ራሷን አሳምናለች። ያስቆማት ልማድ ነው። ከመፈረሟ በፊት ክፈፉን ሳብ አድርጋ ጣቷን እንደተማረችው ጠርዙ ላይ አሳለፈች። ጉብታዋ ሰርጉዳለች። ከዚያ ጣቷ ጥጉ ላይ ደርሶ ፕላስተሩን ዳሰሰ።

ሚጡ ፕላስተር በመቀስ ነው የምትቆርጠው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ይህኛው የተዘነጠለ ነበር፤ ትንንሽ ጥርሶች ተራ በተራ የተተከሉበት። በክሊኒኩ ውስጥ ፕላስተር በጥርሷ የምትበጥስ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሐኪሙ እንኳ «የሰውን ጥርስ እያዳንሽ የራስሽን መቀስ አደረግሽው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ሚጡ ቀና ብላ እህቷን አየች። እታለም ጫማዋን ታያለች።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት እኔ በቃል አልይዘውም። ቤትሽ ገብተሽ፣ ሃያ አምስት ዓመት የኖርሽበትን ግድግዳ ደገፍ ብትዪ ግድግዳው ወረቀት ሆኖ ቢያሳልፍሽ፣ እንደዚያ ይመስለኛል። አሁን በጥፍሯ የቢጫውን ጫፍ አነሳች። ተልጦ ሲወጣ ከሥሩ ካርቶኑ ላይ ተጣብቆ የቀረ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሰማያዊ ታየች።

«ጋሼ» አለች ለኃላፊው፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «እኔ አልሰካሁትም። ከቢጫው ሥር ሰማያዊ አለ። ይዩት።»

ኃላፊው መነጽራቸውን በጠረጴዛው ላይ ፈለጉ፣ በኪሳቸው ፈለጉ፣ በመጨረሻ ከግንባራቸው ላይ አወረዱ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ዶክተር፣ አንተ ከሰሌዳው አጠገብ ነበርክ። ማን ነው የሰካው?»

«እሷ ናት» አለ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ። «አይቻለሁ።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልክ?»

«አሥራ አራት ዓመት አብራኝ ሠርታለች» አለ።

ሚጡ ይህንንም ሰማች። ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ የማታውቀው በጥፋቱ የተከሰሰችው ብቻ ነበረች።

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበሏትና የተተየበውን ወረቀት ለሁለት ቀደዱት። «ቀሪውን ሦስት ሳምንት እህትሽ በሌለችበት፣ በሁለተኛው ነቀላ ክፍል ትጨርሻለሽ። ፊርማሽን እዚያ ያለው ሐኪም ያያል። ሂጂ ልጄ።» ወደ በሩ አዩ። «አንቺ ቆዪ።»

ሚጡ አልሄደችም። «ለልጅቷስ ማን ይነግራታል?»

«ክሊኒኩ ይነግራታል።»

«ዛሬ?»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። «ዛሬ። እኔ ራሴ።»

የሠራተኛው ምግብ ቤት ምድር ቤት ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ የአትክልት ሾርባ፣ ዳቦ። ወሬው በደረጃው ከእሷ ቀድሞ ወርዶ ነበር፤ ሚጡ ስትገባ ማንኪያዎች ሁሉ ለአፍታ ቆሙ። ሳህኗን ተቀብላ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። የት እንደምትቀመጥ አጣች፤ እስከዛሬ የምትቀመጠው ከእታለም ጎን ነበር። ሾርባው ሲተን፣ ከዚያም መትነኑን ሲተው ቆማ አየችው።

እታለም መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ጋዋኗን አውልቃለች። አጠገቧ ቆመች።

«ሚጡ።»

«እ።»

«አሳድጌሽ ነበር።»

«አሳድገሽኛል።»

«እኔን ያባርሩኛል፤ አንቺን ግን ተማሪ ነሽ ብለው ያልፉሻል ብዬ ነው። ሁለት ወር እኮ ነው! ላንቺ ሁለት ወር ምን አላት? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ?»

ሚጡ ሳህኑን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። «ብትጠይቂኝ እሸከምልሽ ነበር» አለች። «ማታ ከጎኔ ተቀምጠሽ፣ ሚጡ ተሳስቻለሁ፣ ያዢልኝ ብትዪኝ ሳትጨርሺ እፈርምልሽ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። አንቺ ግን አልጠየቅሽኝም። ለጠፍሽብኝ። ቀጥለሽ ደግሞ ኮሌታዬን እያስተካከልሽ ደክሞሽ ነበር አልሽኝ። በገዛ እጄ እንዳላምን አደረግሽኝ እታለም።»

እታለም ያወለቀችውን ጋዋን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች። «ማታ ትመጫለሽ?»

«ልብሴን ልወስድ እመጣለሁ።»

እታለም እንደ ልማዷ እጇን ወደ ሚጡ ኮሌታ አነሳችና መንገድ ላይ መለሰችው። ከዚያ በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። ሚጡ በሩ ተወዛውዞ እስኪቆም ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት። አላለቀሰችም፤ ልቅሶው መንገድ ላይ ነው፤ መምጣቱ ግን አይቀርም።

ከጥጉ ጠረጴዛ ሳቂታው ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ መሬት አኖረ። «ነይ፣ ቁጭ በይ» አላት። «ሾርባ በቁም አይበላም። ደግሞ ካንቺ ቁመት ላይ ቢፈስ እኔ ላይ ነው የሚደርሰው።»

ማንም አልሳቀም፤ እሱም። ሚጡ ሄዳ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠርቷል። ሳቂታው የጨው ዕቃውን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ዳቦውን ቆረሰች፣ ሾርባው ውስጥ ነከረችው፣ በላች።